በሎሚ ቅጠል ውስጥ ያደገችው የእሳት እራት

ልደታ በሚገኝ የዕፅዋት ምርመራ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ የነፍሳት ናሙና ሳጥኖችን አቧራ ማራገፍ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሰዓት አንዲት የእሳት እራት በጣቴ አነሳሁ፤ ክንፏ ዱቄት ሆኖ ጣቴ ላይ ቀረ። ኃላፊው ዶክተር አዩኝና፣ "ወረንጦ አለ፣ ለስላሳ ብሩሽ አለ። እዚህ ቤት በጣት የሚነካ ነገር የለም" አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ለዚያ ትምህርት ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ማዕረጌ ቴክኒሻን ነበር። ነፍሳቱን በመርፌ እወጋለሁ፣ ክንፋቸውን ዘርግቼ አደርቃለሁ፣ ከሥራቸው መለያ ወረቀት አኖራለሁ። ስም የሚያወጡት ዲግሪ ያላቸው ናቸው፤ እኔ የተባልኩትን እጽፋለሁ። ብዙ ዓመት እንዲሁ ሠራሁ።

አንድ ሚያዝያ እትዬ አበራሽ የሚባሉ ሴት በፌስታል የሎሚ ቅጠል ይዘው መጡ። ከልደታ ማርያም በታች መንገድ ዳር ችግኝ ይሸጣሉ። ቅጠሉ ተጨማዷል፤ ላዩ ላይ ቀንድ አውጣ የሄደበት የመሰለ የብር መስመር ይጠማዘዛል።

ዶክተር አንዱን ቅጠል ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። ማይክሮስኮፑን አልነኩም። "የቅጠል ዝንብ ነው። ሳይዛመት ችግኞቹ በሙሉ ይቃጠሉ፣ ቦታውም መድኃኒት ይረጭ" ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም አስመቱ።

ሴትዮዋ ወረቀቱን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ችግኞቹን ሁለት ዓመት ነው ያሳደጓቸው፤ ሰው ደግሞ ችግኝ የሚገዛው ክረምቱ ሲገባ ነው።

እኔ ቅጠሉን በማጉያ አይቼው ነበር። በብሩ መስመር መካከል ቀጭን ጥቁር ክር ይሄዳል፤ ውስጥ ለውስጥ የሚበላ ትል የጣለው ኩስ ነው። መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ደግሞ የቅጠሉ ጠርዝ ታጥፎ በሐር ተሰፍቷል። የማውቃቸው የቅጠል ዝንቦች ሐር አይፈትሉም።

"እትዬ፣ ጥቂት ሳምንት አያቃጥሏቸው" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ማኅተም አለው። ያንቺ ቃል ምን አለው?"

"ምንም የለውም። ግን ቅጠሉን ያየሁት እኔ ነኝ።"

ትንሽ አሰቡና ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ችግኞቹን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለው የእህታቸው ግቢ አሸሿቸው።

ቅጠሎቹን እርጥብ ጥጥ ባነጠፍኩበት የማር ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ አፉን በሻሽ አሰርኩት። ዶክተር በነጋታው አዩት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ትሉን እያሳደግኩት ነው።"

"ውጤቱ እኮ ተፈርሟል።"

"ትሉ አልፈረመም፣ ዶክተር።"

ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን አይመልሱም ነበር። ግማሹ ቅጠል ሻገተ። ጠርሙሱን በየቀኑ እያየሁ፣ ተሳስቼ ከሆነ የሴትዮዋን ችግኝ ሁሉ አስጨርሻለሁ እል ነበር። የሻገተውን እየለቀምኩ ጣልኩ፣ ጥጡን ቀየርኩ። ጠርሙሱን ግን ከመስኮቱ አላነሳሁም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስገባ ሻሹ ላይ የሩዝ ፍሬ እንኳን የማታክል ነገር ተቀምጣለች። ብር የመሰለ ነጭ ክንፍ፣ ዳሩ ላይ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተንዠረገገ ጸጉር፣ በእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ አንድ ጥቁር ነጥብ። የእሳት እራት ናት። እናቲቱ ጠል የመሰለ እንቁላሏን ለጋ ቅጠል ላይ ትጥላለች። ትሉ ተፈልፍሎ በቀጥታ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፤ በላይኛውና በታችኛው ሽፋን መካከል እየበላ ያድጋል፣ ጠርዙን አጥፎ ይተኛል፣ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል። የጠነከረ ቅጠል ግን አይበሳም።

ከሌላኛው ቅጠል አንዲት ጥቁር ተርብ ወጣች፤ ከቁንጫ ታንሳለች። ትሉን የምትገድለው እሷ ናት። መድኃኒቱ ቢረጭ ቅጠሉ ውስጥ የተሸሸገው ትል ይተርፍ፣ እሷ ታልቅ ነበር።

ዶክተርን ጠርቼ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩ።

"ሪፖርቱ ወደ የበላይ አካል ሄዷል" አሉ ቀና ሳይሉ። "መለያው ላይ ዝንብ ብለሽ ጻፊ።"

"አልጽፍም።"

"ትእዛዝ ነው።"

"ገብቶኛል። አልጽፍም።"

የእሳት እራት ብዬ ጻፍኩ፤ ከሎሚ ቅጠል መውጣቷን፣ ልደታን፣ ቀኑንና የራሴን ስም ጨመርኩ። በዚያው ሳምንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የዚያ ዓመት የደረጃ እድገቴም ቀረ። ደብዳቤው ዛሬም ማኅደሬ ውስጥ አለ። ይኑር። ሪፖርቱን ያረመው የለም፤ መለያውንም የቀየረው የለም።

ለእትዬ አበራሽ ያልኳቸው ትንሽ ነው፤ ለጋ ቅጠል እንዳይበዛ ማዳበሪያ እንዲያቆሙ፣ ተርቧ የምታድግበትን የተጎዳ ቅጠል እንዳይቆርጡ፣ እንዲታገሱ። ቅጠሉ ጠነከረ። ክረምቱ ሲገባ ችግኞቹን መንገድ ዳር መልሰው ደረደሯቸው።

ለምትተኩን ልጆች የምለው ይኸው ነው፤ ቅጠል ውስጥ ያለውን ነገር አሳድጋችሁ ሳታዩ ስም አትስጡት። ካያችሁት በኋላ ደግሞ ሌላ ስም አትጻፉበት።