ግድግዳ ላይ የወጣ ስም

መርዋ ኑረዲን ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኔ ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች። ተወልዳ ያደገችው መካኒሳ አቦ ነው፤ አባቷ እዚያ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣሉ። ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ስለሚያስቸግራት ሲጠይቋት «ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው» ብላ ታልፋለች። በዚህ የተነሳ ፕሪንተሩ የተበላሸበት ጎረቤት ሁሉ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለ ኮምፒውተር የጻፍኩትን አዋቂ ፊት ለማንበብ አልደፍርም። የተሳሳትኩት ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለ መርዋ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ሥራዋ ይህ ነው። ሰው ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሚያየው ገጽ ላይ ቁልፉ የት ይሁን፣ ጽሑፉ ምን ይበል፣ የቱ ይታይ፣ የቱ ይደበቅ ብላ የምትነድፈው እሷ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ የእርዳታ ቢሮ ቀጠራት። በኢንተርኔት የሚዛትባቸው ሴቶች አቤት ሲሉ ዛቻው ከማን እንደመጣ የሚመረምር ቢሮ ነው።

የመርማሪዎቹ መሣሪያዎች የተበታተኑ ነበሩ። ስልክ ቁጥር የሚፈለገው አንድ ቦታ ነው፤ ፎቶ ከየት እንደተነሳ የሚጣራው ሌላ ቦታ፤ የተጻፈው ዛቻ ሳይሰረዝ ተገልብጦ የሚቀመጠው ደግሞ ሌላ ቦታ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉም የየራሱ የይለፍ ቃል አለው። መርዋ እነዚህን በአንድ የአማርኛ ገጽ እንድትሰበስብ ተነገራት። ንድፉን ከመጀመሯ በፊት ከመርማሪዎቹ ጎን ተቀምጣ አሠራራቸውን ማየት ጀመረች። የመጀመሪያው ጡረታ የወጡ ፖሊስ፣ ጋሽ ቦጋለ ነበሩ።

«ጋሽ ቦጋለ፣ ተጠርጣሪውን የሚፈልጉት በማን አካውንት ነው?»

«በራሴ ነዋ! በማን ልፈልገው?»

«ፎቶዎም አለበት?»

«በልጄ ሠርግ የተነሳሁት። በሙሉ ሱፍ!»

ለካስ ተጠርጣሪው የራሱን ገጽ ማን እንዳየበት ስልኩ ይነግረዋል። «ጋሼ፣ ሰሞኑን ደጋግመው ብቅ ይላሉ፣ ምን ልታዘዝ?» ብሎ ጽፎላቸዋል። ጋሽ ቦጋለ እየሳቁ አነበቡላት። መርዋ አልሳቀችም።

«ፍለጋ ሲወጡ ፊትዎን መሸፈን አለብዎት» አለቻቸው።

«እንደ ሌባ?»

«አዎ፣ እንደ ሌባ።»

እሳቸው የሚፈልጉትን ያን ሰው የከሰሰችው ገበያነሽ ናት። ሀና ማርያም መጋረጃ ትሸጣለች፤ የእኔንም ቤት መጋረጃ የሰፋችው እሷ ናት። ስልኳን ለጥገና በሰጠችበት ሱቅ አንድ ሰው ለማንም የማይታዩ ፎቶዎቿን ወሰደባትና «ለእድርሽም ለልጅሽም እልካለሁ» እያለ ያስጨንቃት ጀመር። ሄርሜላ የምትባል አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አለቻት። ቢሮው የመጣች ቀን ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስሜ ከዚህ ቤት አይውጣ።» መርዋ በጆሮዋ ሰምታታለች።

ስለዚህ የመርዋ ገጽ ሁለት ነገር ይደብቅ ነበር። መርማሪው ሲፈልግ ለሚፈለገው ሰው አይታይም። የከሳሽ ስምና ፎቶ ደግሞ ጉዳዩን የያዘው መርማሪ የጣት አሻራውን ካላሳረፈ አይከፈትም፤ ለሌላው ሠራተኛ ቁጥር ብቻ ነው የሚታየው።

የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ትሩፋት ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

«እኛ እዚህ ቤት ምሳ ዕቃችንን አንድ ላይ ከፍተን ነው የምንበላው። ማን ከማን ነው የሚደበቀው?»

«ምሳው የእኛ ነው፣ ወይዘሮ ትሩፋት። ስሙ ግን የሴትዮዋ ነው።»

«አሁን ደግሞ ልታስተምሪኝ ነው?»

ሠራተኞቹም አኮረፏት። «ሌባ አደረገችን» ተባለች። ምሳ ሰዓት ላይ ስትቀርብ ወሬው ቀጥ ይላል፤ ያቀረበችውን ሩዝ የሚነካ ጠፋ። በመጨረሻ ወይዘሮ ትሩፋት ሌላ ባለሙያ አስጠርተው ጣት የሚጠይቀውን ቁልፍ አስነሱትና ለሁሉም አንድ የይለፍ ቃል ሆነ። አስቡት እንግዲህ። የተበታተነውን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው! ቀድሞ ሲበታተን እኮ ቢያንስ አንዱን ያገኘ ሌላውን አያገኝም ነበር።

ከዚያ ገጹ የሚመረቅበት ቀን መጣ። እንደ ደንቡ ከየእድሩ ሽማግሌዎች ተጠርተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። መርዋ ለማሳያ ብላ ከራሷ የፈጠረችውን ፋይል ከፍታ ግድግዳው ላይ አበራችው። ስም የሚለው ቦታ ላይ «ወይዘሮ እገሊት» ይላል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብለው አዩና «ይቺ እገሊት የማን ልጅ ናት?» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ወይዘሮ ትሩፋት ሳቁን አልወደዱትም። «እንግዳ ጠርቶ ውሸት ማቅረብ ነውር ነው» ብለው ማውሱን ከመርዋ እጅ ወሰዱ፤ የጋራውን የይለፍ ቃል አስገቡና እውነተኛ ፋይል ከፈቱ።

የገበያነሽ ፎቶ ከነስሟ፣ ከነሰፈሯ፣ ከነዛቻው ግድግዳውን ሞላው።

መርዋ የፕሮጀክተሩን ገመድ ነቀለች። ዘገየች ግን። «እንዴ! መጋረጃ የምትሸጠዋ ገበያነሽ አይደለችም እንዴ?» አሉ እኒያው ሽማግሌ፣ የእድሯ ሰብሳቢ ናቸው። ወይዘሮ ትሩፋት ደግሞ፣ የጣራው መብራት ቦግ ብሎ እየበራ፣ «ይቅርታ፣ መብራት ሄዶብን ነው» አሉ። መርዋ ይህን ስታወራኝ ልስቅ ብዬ ነበር፤ ደሜ ፈላ እንጂ ሳቁ አልመጣልኝም።

መርዋ ቦርሳዋን አንስታ ታክሲ ተሳፈረችና ሀና ማርያም ወረደች። ገበያነሽ ጨርቅ እየለካች ነበር።

«እትዬ ገበያነሽ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ስምዎ ዛሬ ሰው ፊት ወጥቷል። የእድሩ ሰብሳቢ አይተዋል።»

ገበያነሽ ጨርቁን አስቀመጠች። «ገጹን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ያወጣሽውስ?»

«እኔ አይደለሁም። መዝጋቱ ግን የእኔ ሥራ ነበር።»

ገበያነሽ ሱቋን ዘግታ ልጇን ልትቀበል ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሄደች። ሄርሜላ ነገሩን ከእናቷ አፍ ሰማችው፤ እስካሁን መርዋን የሚያጽናናት እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ወይዘሮ ትሩፋት ደውለው «እንግዳ ፊት አዋርደሽኛል፣ ከእንግዲህ አትምጪ» አሏት። መርዋ ግን ሄደች፤ ገበያነሽ ጠርታት ነበርና አብረው ገቡ። የዚያን ቀን ገበያነሽ ፊቷን አልሸፈነችም።

ጋሽ ቦጋለ ከወንበራቸው ተነሱ። «ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ሰውየውን አግኝተነዋል! በአዲሱ ገጽ ሳያየኝ ደረስኩበት። ማስረጃው ሙሉ ነው።»

«እሱማ እልካለሁ እያለ ሲዝትብኝ ኖረ። እናንተ በአንድ ጠዋት ጨረሳችሁለት» አለች ገበያነሽ።

ጋሽ ቦጋለ ወንበር አቀረቡላት፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ማስረጃዬን ስጡኝ። ፖሊስ ጋ ራሴ እወስደዋለሁ። እዚህ ያለውን አጥፉልኝ።»

«እሱማ አይሆንም» አሉ ወይዘሮ ትሩፋት ከቢሯቸው ወጥተው። «እንግዶቹ እኮ ወደውት ነው የሄዱት። ደግሞስ የቤት ሰው መስለሽን ነው፣ ምን አካበድሽው?»

ጋሽ ቦጋለ ኃላፊያቸውን አልጠየቁም። ማስረጃውን ፍላሽ ላይ ገልብጠው በሁለት እጃቸው ሰጧት፤ ከዚያም ወንበራቸውን ለመርዋ ለቀቁላት። መርዋ ፋይሉን ከፍታ «አጥፋ» የሚለውን ነካች። ገጹ በራሷ አማርኛ «ይህ ፋይል እስከ መጨረሻው ይጠፋል። ይቀጥሉ?» ይላል።

«የቱን ነው የምጫነው?» አለች ገበያነሽ።

መርዋ አሳየቻት።

«ኧረ የቢሮው ንብረት ነው!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ትሩፋት።

«ስሜ ነው የቢሮው ንብረት?» አለችና ተጫነችው።