የላፕቶፑ ስቲከር

ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ለቡ ያለው ቤታችን ስገባ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሜን ለዚሁ ማሽን እንዲስማማ አድርጌ ከኮዱ ለመሥራት ቸኩያለሁ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር የፕሮሰሰሩ ዓይነት በትክክል ከተነገረው ፕሮግራሙ ይፈጥናል። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር አየሁና የተጻፈበትን አዲስ ፕሮሰሰር ስም ሞላሁለት።

ኮምፓይለሩ እስኪጨርስ ሰዓታት ስለሚፈጅ መቀመጥ አቃተኝ። መብራት እንዳይጠፋ እየፈራሁ ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው ስመላለስ ዋልኩ።

"ኧረ ቁጭ በል፣ አዞርከኝ!" አለች እህቴ።

አመሻሽ ላይ ፕሮግራሙን ስከፍተው ወዲያው ተዘጋ። ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ደርሶታል። አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፌ ማሽኑን ራሱን ስጠይቀው፣ ፕሮሰሰሩ ስቲከሩ ከሚለው በብዙ ዓመት ያረጀ ሆኖ ተገኘ። ደሜ ፈላ። ስቲከሩን በጥፍሬ ልጬ ጣልኩት፤ ሻጩንም እስኪበቃኝ ረገምኩት።

"ያቺን አንድ መስመር ጠዋት ብትጽፋት ኖሮስ?" አለች እህቴ።

ትክክለኛውን ፕሮሰሰር ሞልቼ ሥራውን እንደገና አስጀመርኩና ተነስቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እህቴ ወንበሯን ከመንገዴ ዞር አደረገች።