ሰርጓጅ ያልኩበት ግምገማ

ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ቦንጋ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ ባለቤቴም እዚያው ታይፒስት። ግምገማ የሚሉት ነገር መጣ። ሠራተኛው አዳራሽ ይሰበሰብና አንድ በአንድ እየተነሳ ይተቻል። የቀድሞ ወታደር ደግሞ ምን ሲሠራ እንደነበር ይናገራል፤ ካላማረ እንጀራው ተቋረጠ ማለት ነው።

ተራዬ ደረሰ። "ባሕር ኃይል ነበርኩ። መርከብ ላይ ሆኜ ሰርጓጅ እፈልግ ነበር" አልኩ።

ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠና፣ "ሰርጎ ገብ? ስንቱን አስያዝክ?" አለኝ።

ወይ ጉዴ! ሰርጎ ገብ ያስያዘ ማለት ሰው ያስበላ ማለት ነው። ሰብሳቢው ራሱ እኮ ትናንት ደርግ ሰርጎ ገብ ሲለው የነበረ ታጋይ ነው!

"ኧረ በፈጠራችሁ! ሰርጓጅ መርከብ ነው ያልኩት፤ ውኃ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደውን!"

"በል አስረዳና።"

ላብ በላብ ሆኜ አስረዳሁ። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ሰው ሲጣራ ገደል ማሚቶው ይመልስለት የለ? መርከባችንም ከሆዷ ሥር ባለ ሶናር በሚባል መሣሪያ ድምፅ ትልካለች። ሰርጓጅ ካገኘ ነጥሮ ይመለሳል፤ ቶሎ ከመጣ ቅርብ ነው፣ ከዘገየ ሩቅ። ስንፈጥን የገዛ ሞተራችን ያደነቁረናል፣ ስለዚህ ቀስ እንላለን። የላዩ ውኃ ሲሞቅ ደግሞ ድምፁ ይታጠፋል፤ ሰርጓጁም ከሥር ቀዝቃዛው ውስጥ ተደብቆ ይቀልድብናል።

"ድምፁ እንዴት ነው?" አለ አንዱ ከኋላ።

እኔ ጅሉ፣ የልጆች አባት፣ ከንፈሬን አሹዬ "ፒንንንግ!" አልኩ። አዳራሹ አውካካ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰብሳቢው እንባውን እየጠረገ፣ "ታዲያ ስንት አገኘህ?" አለ።

ባለቤቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ላገባት ደጅ ስጠና፣ ቀይ ባሕር ላይ አንድ የጠላት ሰርጓጅ አግኝቼ አባረርኩ ብያት ነበር። አሁን ያንን ብደግመው ለደርግ ጀብዱ የሠራ ተብዬ መባረሬ ነው። ብክድ ደግሞ እሷ ትሰማለች።

"አንድም። የዓሣ መንጋ ብቻ ነው ያገኘሁት" አልኩ። እንደገና ሳቁ። እሷ አቀረቀረች። ሥራዬ ተረፈ።

ወደ ቤት ስንሄድ ከፊቴ ፊቴ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በራችን ላይ ስንደርስ ብቻ ዞር አለች።

"አንድም አላገኘሁም ያልከው እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው።" ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"አባዬ ልጄን ለወታደር አልሰጥም ብሎ፣ ሰርጓጅ አባረርኩ ማለትህን ሰምቶ ነው እሺ ያለህ። እስከ ዛሬ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራዋል" አለች። "አንተው ንገረው።"