አንደኛ ያልኩት የራሴ መጽሐፍ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር ይቺን ሁልጊዜ ዘልያት አልፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ለአንድ ሰው ተነፈስኳት፤ እሱም ራሱ የበደልኩት ሰው ነው። እፎይ! ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንኳ ይወስደኛል። አፌ አንዴ ከተከፈተ አይቀር እናንተም ስሙኝ።

መምህር ነኝ። ግቢያችን የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱ የኔ እንጂ የግቢው አይደለምና። እኛ ጋ አንድ መምህር ለቤተ መጻሕፍቱ አዲስ መጽሐፍ ሲፈልግ ሄዶ «ግዙልኝ» አይልም። የመጽሐፉን ርዕስና ደራሲ፣ ስንት ቅጂ እንደሚያስፈልገው፣ ለየትኛው ኮርስ እንደሆነ ጽፎ ለትምህርት ክፍሉ ተወካይ ይሰጣል። ተወካዩ የሁሉንም ሰብስቦ «ይሄ ይቅደም፣ ያ ይከተል» ብሎ በተራ ያስቀምጣል፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ከላይ ጀምሮ በጀቱ እስከፈቀደ ድረስ ይገዛል። ታች የቀረ፣ ቀረ። ተወካዩ ማን ነበር? እኔ።

ያን ዓመት መጽሐፍ አሳትሜ ነበር። ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ መምህር ሥነ ምግባር! ሳቁ፣ ይገባኛል። የሚገዛው ጠፍቶ ካርቶኑ ሳሎናችንን ሞልቶት ባለቤቴ «ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ» ትለኝ ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ግን አለመሸጡ አልነበረም። ስሜን መደርደሪያ ላይ ማየት አማረኝ። አንድ ቦታ ብቻም አይደለም፤ መደርደሪያ ሙሉ!

ትርሲት የምትባል ልጅ እግር መምህርት አብራን ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ጥያቄዋን ይዛ መጣች፤ በጣት እየተዳሰሱ የሚነበቡ የብሬል መጻሕፍት ነበሩ። ደረጀ የሚባል ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረን፤ ለእሱ ነው የፈለገቻቸው።

«ጋሼ፣ አደራዎን ከላይ ያድርጉልኝ። ይሄ ልጅ ሰው ካላነበበለት ማጥናት አይችልም» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ ለኔ ተይው» አልኳት።

ሰኔ ደረሰ። ሰኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል፤ በጀት ሊዘጋ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ይራወጣል፣ ፈራሚውም ሳያነብ ይፈርማል። እኔም ግርግሩን አይቼ፣ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ብዬ፣ የራሴን መጽሐፍ አንደኛ አደረግኩት፤ ያውም ለክፍሉ ተማሪ ሁሉ በሚተርፍ ቅጂ። የትርሲትን መጨረሻ ጣልኩት። ሳላስተውል ነው? ሰው አሳስቶኝ ነው? የለም። እያወቅኩ፣ በገዛ እጄ፣ እኔ ነኝ የጣልኩት። በጀቱ እሷ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ስትጠይቀኝ ደግሞ «ቤተ መጻሕፍቱ አልተቀበለውም» አልኳት። ቤተ መጻሕፍቱ ምን በወጣው!

ደረጀ ፈተና በደረሰ ቁጥር የሚያነብለት ሰው ፍለጋ ይዞር ጀመር። ጓደኞቹ የራሳቸው ጥናት አለባቸው፤ ዛሬ ያነበበለት ነገ አይገኝም። ትርሲት በምሳ ሰዓቷ ታነብለት ነበር፤ አልበቃም። ልጁ ወደቀ፣ ዓመቱንም ደገመ። እኔስ ምን አደርግ ነበር? መደርደሪያው ጋ እየሄድኩ ስሜን አይ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ዓመታት አለፉ። ትርሲት ሥራ ቀይራ ጉርድ ሾላ ሄደች። ደረጀ ግን ተመረቀ፣ ሁለተኛ ዲግሪውንም ያዘና ዘንድሮ እኛው ክፍል መምህር ሆኖ ተቀጠረ። በገባ ሰሞን በትሩን እያስቀደመ ቢሮዬ መጣ።

«መምህር፣ አዲስ መጽሐፍ እንዴት ነው የሚጠየቀው? ተወካዩ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ዘንድሮም እንደ እኔ ያሉ ተማሪዎች ገብተዋል፤ ብሬል ያስፈልጋቸዋል።»

ወንበር ሳብኩለት። እሱም ፈገግ ብሎ ቀጠለ። «ሳላመሰግንዎት ቀርቼ ነበር። ያኔ ሌላው መጽሐፍ ሁሉ ሲጠፋ የእርስዎ አይጠፋም ነበር፤ የሚዋሰው የለማ! ጓደኞቼ እሱን እያነበቡልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። ‹መምህር ራሱን ከተማሪው አያስቀድምም› ይላል።»

እኔ ነኝ የጻፍኩት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሠራሩን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ሌላውን ግን አልተናገርኩም። ጥያቄውን አንደኛ አድርጌ አስፈረምኩ፤ ይህ ደግሞ ግዴታዬ ነውና አልመጻደቅበትም።

መጻሕፍቱ ባለፈው ሳምንት ገቡ። የብሬል መጽሐፍ ትልቅ ነው፣ ቦታ ይፈጃል፤ መደርደሪያው አልበቃም ተባለ። «የኔን አውርዱት» አልኩ። ሠራተኞቹ ሊያወርዱ ሲነሱ እምቢ ብዬ ራሴ እስከ አገጬ ታቅፌ ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን ስወርድ ደረጃው ላይ ከደረጀ ጋር ተገናኘን። አካሄዴን ያውቀዋል።

«መምህር፣ ምን ተሸክመው ነው እንዲህ የሚያለከልኩት?»

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ የተበደለው «ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ» እስኪለው አጎንብሶ ይቆማል። «ድንጋዬን ነው» አልኩት። እንደታቀፍኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ የሰኔውን ግርግር፣ የትርሲትን አደራ፣ ውሸቴን። እንባዬ መጽሐፌ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

በትሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ዓመቴን በልተውብኛል» አለኝ።

«አዎ። እኔ ነኝ።»

ሰኔ ነበር አላልኩም፤ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም አላልኩም። ለእናንተም አልልም።

እጁን ሰደደና የላይኛውን መጽሐፍ ዳሰሰ። ከዚያ ከቁልሉ ግማሹን አንስቶ ክንዱ ላይ አደረገው። ክንዴ ሲቀለኝ ነፍሴም አብራ ቀለላት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ይሄ የኔ ድርሻ ነው» አለኝ። «የቀረው የትርሲት ነው፤ እሱን እኔ አላወርድልዎትም።»

ነገ ጉርድ ሾላ እሄዳለሁ።