አክስት ላሚየት ከአውቶቡሱ የቀሩ ዕለት

በእኛ ሰፈር፣ አንግ ቶንግ ከቦዩ ዳር፣ በዓመት አንድ ቀን ከውሾቹ በስተቀር ቤት የሚውል የለም። በዚያን ቀን መራመድ የሚችል ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ፣ የማይችለውም ተደግፎ፣ አውቶቡስ ላይ ይወጣል። ወደ ድሮዋ የነገሥታት ከተማ አዩታያ ወርደን በአንድ ቀን ዘጠኝ ቤተ መቅደስ ተሳልመን እንመለሳለን። ዘጠኝ መሆን አለበት። ስምንት ከሆነ ዕድሉ ይጎድላል፤ አሥር ከሆነ ደግሞ ወገብ አይችለውም። እኔ ሙዝ ጠብሼ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ዕድሜዬ ገና ቢሆንም የአሮጊቶቹን ቦርሳ ስለምሸከም ወንበር ይሰጠኛል።

ጉዞውን ሃያ ሁለት ዓመት የመሩት አክስት ላሚየት ናቸው። በወጣትነታቸው የወንዝ መሻገሪያ ጀልባ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ድምፃቸው እዚህ ማዶ ሲወጣ እዚያ ማዶ ያለው ሰው ኪሱን ይዳብስ ነበር ይባላል። ባል ለማግባት አንድ ጊዜ ተቃርበው ነበር፤ ሰውየው ለሽምግልናው ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰና ነገሩ እዚያው ቀረ። ቢጫ ባንዲራቸውን በቀርከሃ ላይ አስረው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በየመቅደሱ በር ላይ ይቆማሉ። እኛ እንገባለን፣ ዕጣን እንሰካለን፣ በቡድሃው ምስል ላይ ስስ የወርቅ ቅጠል እንለጥፋለን፣ እንሰግዳለን፣ ሮጠን እንወጣለን። እሳቸው ይቆጥራሉ።

ደንባቸው አንድ ነው። ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሳ ማይክሮፎኑን ይይዙና፣ «አምስት ደቂቃ ያረፈደ ይቀራል፤ የአበምኔቱ እናት ብትሆንም ትቀራለች!» ይላሉ። ቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ዓመት ጡረተኛው መምህር ፕራዮን ዓሣ ሲመግቡ ስድስት ደቂቃ ስላረፈዱ ቀርተው፣ ሰፈር የገቡት አሳማ በጫነ መኪና ነው። ሸሚዛቸውን ሦስት ጊዜ አሳጥበው በመጨረሻ ጣሉት።

አክስት ላሚየት በቀሩበት ዓመት አምስቱን መቅደስ በሰላም ጨርሰን ስድስተኛው ላይ ደረስን። ስድስተኛው የድሮው ፍርስራሽ ነው፦ የጡብ ማማዎቹ አዘንብለዋል፣ ራስ የሌላቸው የቡድሃ ምስሎች ቢጫ ሻሽ ታጥቀው ተደርድረዋል፣ ልጃገረዶቹ የድሮ ቤተ መንግሥት ልብስ ተከራይተው ፎቶ ይነሳሉ። ተሳልመን ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ አክስት ላሚየት ከአውቶቡሱ በር ሆነው ቆጠሩን፤ አርባ መሆን ነበረብን። ሠላሳ ዘጠኝ። እንደገና ቆጠሩ። ሠላሳ ዘጠኝ።

«አንድ ሰው ውስጥ ቀርቷል!» ብለው ባንዲራቸውን ይዘው ወደ ፍርስራሹ ሮጡ።

የቀረ ሰው አልነበረም። አጎት ቲያን መጨረሻው ወንበር ላይ የዝናብ ልብሳቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው እንቅልፋቸውን ይለጥጡ ነበር። አክስት ላሚየት ከሄዱ በኋላ ነቅተው፣ «ደረስን?» አሉ።

ሾፌራችን አጎት ቡንቹዋይ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ። መምህር ፕራዮን ሰዓታቸውን አወለቁና ዓይናቸው ሥር አደረጉት።

«አምስት ደቂቃ» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ስድስት።»

«እሳቸው እኮ ናቸው የሌሉት» አለ ሾፌሩ።

«ደንቡ ማንን ይላል? የአበምኔቱ እናት ብትሆንም አላሉም? እሳቸው ከአበምኔቱ እናት ይበልጣሉ?»

ሾፌሩ ማርሽ አስገባ። ሃያ ሁለት ዓመት የተማርነው ላለመከራከር ነው። እኔ መናገር ነበረብኝ፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት አፌ በስስ ቂጣ በተጠቀለለ የስኳር ክር ሞልቶ ነበር፤ ያንን ነገር ደግሞ በአንድ ጊዜ መዋጥ አይቻልም። ስውጠው ድልድዩን ተሻግረናል።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከራሳቸው ነው። ሲወጡ የጠበቃቸው አቧራ ብቻ ነው። ቦርሳቸው፣ ስልካቸው፣ ሲያዞራቸው የሚያሸቱት የሜንቶል ጠርሙስ ሁሉ አውቶቡሱ ላይ ነው።

«መጀመሪያ፣ ደንቡን አክብረዋል፣ ጎበዞች አልኩ» አሉኝ። «ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ንዴት ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ።»

ዕንባቸውን ሲጠርጉ ቀና ቢሉ፣ በር የሚያክል ፀጉረ ቀይ ሰውዬ በቁምጣ ፊታቸው ቆሞ ፈገግ ይላል። ከኋላው ሁለት ሴቶች። ከሴቶቹ ኋላ ሌሎች። ከብራዚል የመጡ ጎብኚዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዷ ሙቀቱ ጥሏት አስጎብኚያቸው ክሊኒክ ይዛት ሮጣለች፤ እነሱ ደግሞ የአስጎብኚያቸው ባንዲራ ቢጫ መሆኑን ብቻ ነው የሚያውቁት።

«እኔ አይደለሁም» አሉ አክስት ላሚየት።

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወደ ግራ ሄዱ፤ ወደ ግራ ተከተሏቸው። ሲቆሙ፣ እነሱም ቆሙ። መጸዳጃ ቤት ቢገቡ በር ላይ ተሰልፈው ጠበቋቸው።

ሊያመልጧቸው አጥር አጥሩን ሲሄዱ፣ አንዱ ወጣት ለፎቶ ብሎ ራስ በሌለው ቡድሃ እግር ላይ አንድ ጉልበቱን ሰቅሎ መውጣት ጀመረ። ፊሽካው ሳያስቡት አፋቸው ውስጥ ገባ።

«ውረድ! እናትህ አላስተማረችህም? ውረድ አልኩ!»

ልጁ ቃሉ ባይገባውም ወረደ፤ ወርዶም እጁን ደረቱ ላይ አገጣጥሞ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ እጃቸውን መሰብሰብ አልቻሉም። ቆጠሯቸው፤ ሃያ ሁለት። የባለቁምጣውን ጉልበት በራሳቸው ነጠላ ጠቀለሉለት። ሁሉንም እግራቸውን ወደ ኋላ አሳጥፈው አስቀመጡና ሦስት ጊዜ አሰገዱ። ከዚያ ባንዲራውን አንስተው ፍርስራሹን ከዳር እስከ ዳር አዞሯቸው።

ችግሩ፣ እሳቸውም ከዚያ ቀን በፊት በሃያ ሁለት ዓመት ከበሩ አልፈው አያውቁም ነበር። አንዷ ሴትዮ ወደ ማማው ጠቁማ ስትጠይቃቸው አፍጥጠው ካዩት በኋላ፣ «አሮጌ ነው» አሏት። ወደ ግንቡ ጠቆመች። «እሱም አሮጌ ነው።» ሴትዮዋ ደብተር አውጥታ እንደሰማችው ጻፈች። ትንሽ ቆይቶ ሃያ ሁለቱም እየጠቆሙ በእኛ ቋንቋ፣ «አሮጌ ነው! አሮጌ ነው!» ይባባሉ ጀመር።

ከማማው ጀርባ፣ ልስኑ ተራግፎ የቀረ አንድ ትንሽ የቡድሃ ፊት አለ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ያለ። እዚያ ቆሙ። ምን ያህል እንደቆሙ አያውቁም፤ ሰዓታቸውን አላዩም። ብራዚላውያኑም አብረው ቆሙ።

አስጎብኚዋ ዳኦ የምትባል ልጅ ናት። ላብ አጥምቋት፣ ቀለሟ ጠፍቶ ስትመጣ ሰዎቿ ከማታውቃት አሮጊት ኋላ በሰልፍ ቆመዋል።

«አክስቴ፣ እርስዎ ማነዎት?»

«የተረሳሁ ሰው ነኝ። ሃያ ሁለት ናቸው፤ ጎድሎብሻል?»

«አንዷ ክሊኒክ ናት፤ ደህና ናት።»

«እንግዲያው ልክ ነው። ተረከቢኝ። ይኼኛው ደግሞ ሱሪ ግዢለት።»

ቀጥሎ በጀልባ ወደ ወንዝ ዳሩ ገበያ ነበር የሚሄዱት። የእኛ ሰባተኛ መቅደስ ከዚያው ገበያ ጀርባ ነው። ዳኦ አክስት ላሚየትን ጀልባው ፊት ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

እኛ ደግሞ ጉድ ፈልቶብናል። መምህር ፕራዮን ማይክሮፎኑን ይዘው ሰባተኛው መቅደስ ላይ ስለ ድሮ ጦርነት አርባ ደቂቃ አስተማሩን፤ ማንም በሰዓቱ አልወጣ፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ የሚያውቅ የለም። የአክስት ላሚየት ስልክ በባዶ ወንበራቸው ላይ በጮኸ ቁጥር ልባችን ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ሾፌሩ፣ «ነገ ፊታቸውን የማየው እኔ ነኝ» ብሎ ባዶውን አውቶቡስ ይዞ ሊፈልጋቸው ተመለሰ። እኛም የገበያው ደረጃ ላይ ተደርድረን ከጀልባ የሚሸጠውን ኑድል በትንንሽ ሳህን እየበላን፣ ማን ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቅ ብለን ስንጣላ ያ ጀልባ መጣ።

ፊቱ ላይ አክስት ላሚየት ባንዲራ ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ፀሐይ ያቀላቸው ሃያ ሁለት ግዙፍ ሰዎች።

«በሞትኩት!» አሉ አያ ቹአይ፣ ጆሯቸው ቢደክምም ዓይናቸው ደህና ነው። «ሊያስመቱን ፈረንጅ ቀጥረው መጡ!»

ማንም ሳያዘን ተሰለፍን። መምህር ፕራዮን እጃቸውን አገጣጥመው ወደ ፊት ወጡ።

«እህት ላሚየት፣ ደንቡ…»

«ደንቡ ልክ ነው።»

«አልተቆጡም ማለት ነው?»

«በጣም ተቆጥቻለሁ። አውቶቡሱ የታለ?»

መምህር ፕራዮን ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎን ሊፈልግ ሄደ» አልኩ፤ በዚህ ጊዜ አፌ ባዶ ነበር።

«ማን አዘዘ? ለአንድ ሰው ሲባል አርባ ሰው ይቁም የሚል ደንብ ያወጣሁት መቼ ነው?»

ባለቁምጣው ሰውዬ በዚህ መሃል ወደ ገበያው ጣሪያ ጠቆመና ጮክ ብሎ፣ «አሮጌ ነው!» አለ። አክስት ላሚየት ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ቆይተው አልቻሉም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። ሲስቁ ሳናያቸው ስለኖርን አንዳንዶቻችን ታመሙ ብለን ውሃ ይዘን ሮጥን። ከዚያ አሥራ አንድ ሳህን ኑድል በሉ።

አውቶቡሱ የተመለሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። የቀሩት ሁለት መቅደሶች በራቸውን ዘግተው ነበር። ሰባት ብቻ ተሳልመን ገባን፤ ዕድላችን ምን ይሆን ብለን ተጨነቅን። ያን ዓመት ግን በሰፈራችን ላይ የደረሰ የተለየ ክፉ ነገር የለም፤ የወንዙ ሙላት እንኳ እንደ ሁልጊዜው እስከ ጉልበት ነው የመጣው።

በሚቀጥለው ዓመት አክስት ላሚየት መቅደሶቹን ወደ አምስት ቀነሱ፤ በየአንዳንዱ አንድ ሰዓት፤ እሳቸውም ከእኛ ጋር ይገባሉ። መምህር ፕራዮን፣ «አምስት ዘጠኝ አይደለም!» ብለው ተቆጥተው ሌላ አውቶቡስ አቋቋሙ። ዘንድሮ የተመዘገበላቸው አሥራ አንድ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ ሙዝ መጥበሻዬ መጥተው፣ አጠገቤ የተቀመጡትን አክስት ላሚየትን ሳያዩ፣ ለእኔ የሚናገሩ መስለው፣ በአምስት መቅደሱ አውቶቡስ የመስኮት ወንበር ተርፎ እንደሆነ ጠየቁ። አክስት ላሚየት ቀና ሳይሉ ደብተራቸውን ገልጠው የመምህሩን ስም ጻፉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ሙዙ እያረረ መሆኑን ነገሩኝ።