ስቲከር ለቀማና የሺፋው ፀጉር ቤት

ስቲከር ለቀማ የሚባል ሥራ መኖሩን ያወቅኩት ሪያድ ከገባሁ በኋላ ነው። አገር ቤት ሳለሁ የሱቅ መስታወት ላይ የተለጠፈ ፊደል ሳይ ማን ለጠፈው ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን የማገኘው ሰው ሁሉ ማሽኑ ሁሉንም እንደሚሠራ ያምናል። ማሽኑ የሚሠራው ቀላሉን ነው። ጀርባው ሙጫ ያለበትን ፕላስቲክ ከነወረቀቱ ይጎርሳል፣ በቀጭን ምላጭ የፊደሎቹን ዙሪያ ይቆርጣል፣ ከዚያ ትልቅ ነገር እንደሠራ ሰው ይጮሃል። ፊደሉም ትርፉም አንድ ወረቀት ላይ እንደተጣበቁ ነው የሚሰጥሽ። የማይፈለገውን ነጥሎ ማውጣት የሰው ሥራ ነው። የሰው ማለት የእኔ ማለት ነው። አረቦቹ ተፍሪግ ይሉታል፣ ባዶ ማድረግ እንደማለት። እኛ ለቀማ እንለዋለን። ምስር እንደመልቀም ነው፤ ልዩነቱ ምስር ጣት ላይ አይጣበቅም፣ ክርን ላይ ተለጥፎም ቤት ድረስ አይከተልም።

ዑድ ሰፈር ያለው ማስታወቂያ ቤት የገባሁት ከነሲም ሰፈር ነው። ነሲም ውስጥ አሥራ አንድ ነፍስ ያለበት ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ልብስ ማቆሸሽ ላይ ብቻ ልዩ ተሰጥኦ ነበራቸው። ከፊሌን፣ ኢቃማዬን ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴን በስሙ የያዘውን አሠሪዬን፣ ልሂድ ስለው ሳይቆጣ ሰማኝና፣ "ሦስት ወር ውስጥ ኢቃማሽን ወደራሱ የሚያዛውር ሰው ካገኘሽ እፈቅዳለሁ። ካላገኘሽ ትመለሻለሽ" አለኝ። የማስታወቂያ ቤቱ ባለቤት ደግሞ እኔን ከማየቱ በፊት መልሱን አዘጋጅቶ ነበር፤ የሙከራ ጊዜሽን ጨርሺ፣ ሙዓለሙ ትሆናለች ካለ ነቅሉን፣ የኢቃማውን ዝውውር፣ አደርጋለሁ፣ ኢንሻአላህ። ሙዓለሙ የሥራው አለቃ ነው። ሃያ ዓመት በሙያው ላይ እንደቆየ በየቀኑ ይነግረናል፣ እንዳንረሳበት።

እንግዲህ ኢቃማዬ የተንጠለጠለው በእሱ አንድ ቃል ነበር። "ትሆናለች" ካለ ማስታወቂያ ቤት፣ "አትሆንም" ካለ ነሲም፣ አሥራ አንዱ ሰው፣ የልብሱ ክምር።

ማሽኑ ላይ የሚሠራው አበሻ ነው፣ የጅማ ሰው። እዚያ ቤት ያስገባኝም እሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለሙዓለሙ ሦስት ጊዜ መልስ ስመልስለት አይቶ ወደ ጥግ ጠራኝ።

"እህቴ፣ እጅሽ ጥሩ ነው። አፍሽን ግን ነቅሉ እስኪያልቅ ቆልፊው። ከዚያ በኋላ የልብሽን ተናገሪ።"

"ከዚያ በኋላ የምናገረው ቢያልቅብኝስ፣ ወንድሜ?"

"አንቺ? ግዴለም፣ አያልቅብሽም።"

ቆለፍኩት። በአፍ ፋንታ እጄን አሠራሁ። ሙዓለሙ ያስተማረኝ "እንዳትቀድጂው" የምትለዋን አንዲት ቃል ብቻ ስለሆነ፣ የተረፈውን ያስተማረኝ የቀደድኩት ስቲከር ነው። ይህን ሥራ ልትጀምር ያሰበች ካለች እነሆ በነፃ። ትርፉን ወደ ላይ አትሳቢው፣ ወደ ላይ የሳብሽው ፊደሉን ይዞ ይነሳል። ከማዕዘን ጀምረሽ፣ ወደ ኋላ አጥፈሽ፣ ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርገሽ በቀስታ ጎትቺ። የተቆረጠውን ለነገ አታሳድሪ፤ ሙጫው የተቆረጠበት መስመር ውስጥ ተመልሶ ይገባና እንደታረቁ ባልና ሚስት አልላቀቅ ይላል። በሪያድ ሙቀት በር አጠገብ ከሠራሽ ሙጫው ማር ይሆናል። ሙዓለሙ እንደሚወደው ኤሲ ሥር ከሠራሽ ደግሞ ፕላስቲኩ ደርቆ ይሰበራል። መሀል ላይ ተቀመጪ። መሀል ላይ ወንበር የለም፣ ቁሚ።

የአረብኛ ፊደል ደግሞ ነጥብ አለው። ነጥቡ ምስኪን ነው፣ የሚይዘው ዘመድ የለውም፣ ትርፉ ሲነሳ ተከትሎ ይሄዳል። በጥፍርሽ ጫን አድርገሽ ያዢው። ጣትሽ ላይ ሙጫው ወደ ላይ የሆነ ፕላስተር ጠምጥሚ፣ ጥቃቅኑን በእሱ እየነካሽ ታነሺያለሽ። ለቀረው ወረንጦ አለ። ወረንጦውን እኔ ነኝ ከቤቴ ያመጣሁት። በሃያ ዓመት ሙያ ውስጥ ወረንጦ አልተገኘም።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሺፋ ሰፈር ያለው ፀጉር ቤት ሥራ መጣ። የሴቶች ፀጉር ቤት ነው፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት። ባለቤቷ መዳም መስታወቱ በሙሉ እንዲሸፈንላት፣ የቤቱ ስምና የሥራው ዝርዝር እንዲጻፍበት አዘዘች። አንድ ነገር ጨመረች፤ ወንድ እግሩን እንዳያስገባ፣ ቤቱ ዝግም ቢሆን። የሚለጠፈው ከውስጥ ስለሆነ ሥራው ያለ ሴት አይሆንም። ማስታወቂያ ቤቱ ውስጥ ሴት ሲፈለግ ያለሁት እኔ ነበርኩ። በአንድ ቀን ከለቃሚነት ወደ ለጣፊነት አደግኩ።

ስቲከሩ ወተት የመሰለው ዓይነት ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሰው አያሳይም። ሙዓለሙ የተቆረጠውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና፣ "ፊደሉን አውጪ፣ ዙሪያውን ተዪ" አለ። ቢሮዎች እንዲህ ነው የሚያሠሩት፤ መስታወቱ ወተት፣ ፊደሉ ባዶ መስታወት። ያምራል። ግን ፊደሎቹ መዳፌን ያክላሉ። ይህ ደግሞ ሴቶች ተገላልጠው የሚቀመጡበት ቤት ነው።

"ሙዓለም፣ በፊደሉ በኩል ውስጡ ይታያል" አልኩት።

ለሙከራ ከተቆረጠ ቁራጭ ላይ አንዱን ፊደል ራሱ ነቀለና ቁራጩን የሱቃችን መስታወት ላይ በውሃ ለጠፈው። አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ቆመና አየ። ቀትር ነው፣ ፀሐዩ ዓይን ያወጣል።

"ምን ታያለሽ? ነይ እዪ።"

ሄጄ አየሁ። የራሴን ፊት ነው ያየሁት።

"አሁን አይታይም። ሲመሽ መብራት ሲበራ..."

"ሃያ ዓመት" አለ።

ከማሽኑ በኩል የጅማው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ገባኝ። ኸላስ፣ በቃ ብዬ መልቀም ጀመርኩ። እንዲህ ያለው ለቀማ ከሌላው ይለያል፣ ፊደሉ ትርፍ ይሆንና የፊደሉ ዓይን፣ መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ፣ መቅረት አለባት። ፊደሉን ስትነቅይ ዓይኗን በጥፍር መያዝ ነው። አንዷም ሳትጠፋብኝ ጨረስኩ። እንዲህ አድርጌ የለቀምኩት ሥራ ከዚያ በፊት አልነበረም። ይኼ ነው የሚያናድደው።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ገባሁ። ሙዓለሙ ከውጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በስልክ ያዘኛል። "ግራውን አንሺ" ይላል። የእሱ ግራ የእኔ ቀኝ ነው፣ በመሀላችን መስታወት አለ። በመጨረሻ ስልኩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና በእሺታ "አይዋ" እያልኩ በራሴ ለጠፍኩ። መስታወቱን በሳሙና ውሃ ታረጥቢያለሽ፣ ስቲከሩን ታሳርፊያለሽ፣ ከመሀል ወደ ዳር በፕላስቲክ መፋቂያ ውሃውን ትገፊያለሽ። መሰላሉን የያዘችልኝ ፀጉር አጣቢዋ ነበረች። አበሻ ናት፣ የሐረር ልጅ፤ ሂጃቧ ራሷ ላይ እንዳለ በጆሮዋ በኩል ላብ ይወርዳል።

"አቦ፣ ስድስት ወር ሙሉ ተሸፋፍኜ ነው የሰው ፀጉር የማጥበው" አለችኝ። "መጋረጃው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አይታመንም። አሁን ከውጭ አይታይም አይደል፣ እህቴ?"

መሰላሉ ላይ ነኝ። ሙዓለሙ ኪሴ ውስጥ "ሄሎ፣ ሄሎ" ይላል።

"አይታይም" አልኳት።

ሂጃቧን አወለቀችው። አንገቷን ነካካች፣ ሳቀች፣ ቧንቧውን ከፈተች። መዳም መጣች፣ ወጥታም አየች፣ በቀኑ ብርሃን ሁሉም ያምራል፤ ፈረመች። ሙዓለሙ ወረቀቱን ሲያይ ማሻአላህ አለ። ይህን ቃል ለእኔ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው። እዚያው መኪና ውስጥ ለባለቤቱ ደውሎ፣ "ልጅቷ ትሆናለች፣ ነገ ነቅሉን ጀምርላት" አለ። በጆሮዬ ሰማሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ሄዶ ይተኛል። እኔ ሥራ ስጨርስ አውቶቡስ ይዤ ወደ ሺፋ ተመለስኩ። ኅሊናዬ ወቀሰኝ ብዬ አላስመስልም። ልክ መሆኔን ማየት ነው የፈለግኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ልክ ከሆንኩ ቁጭ ብዬ አላውቅም፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩትም ከመምህራን ጋር እየተከራከርኩ ነው።

መግሪብ ተሰግዶ ሰዉ ከመስጊድ እየወጣ ነበር። ፀጉር ቤቱ መብራቱን አብርቷል። ከአስፋልቱ ማዶ ቆሜ አየሁ። ፊደሎቹ በርተዋል፣ እንደ መስኮት። በአንደኛው በኩል የሐረሯ ልጅ ጎንበስ ስትል ፀጉሯ ይታያል፣ በሌላው የደንበኛ ትከሻ፣ እርጥብ ፎጣ። ከጎን ካለው ሻይ ቤት ደጃፍ ሁለት ሰዎች ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አዙረው ተቀምጠዋል። ሻያቸውን አልነኩትም።

ልክ ነበርኩ። እንዲህ የሚያስጠላ ልክ መሆን አይቼ አላውቅም።

በሩን ደበደብኩት፣ ገባሁ፣ "መብራት አጥፉ" አልኩ። አጠፉ። የሐረሯ ልጅ በጨለማው ውስጥ መጣች።

"አይታይም አላልሽኝም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ?"

"ቀን አይታይም፣ ሲመሽ ይታያል። ስነግርሽ አውቅ ነበር።"

ሂጃቧን ፈልጋ አገኘች፣ ቀስ ብላ አሰረች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ እመልሳለሁ።

መዳም አባያዋን ለብሳ ወጣች፣ መብራቱን አስበርታ ራሷ አየች፣ ተመልሳ ሙዓለሙ ጋ ደወለች። ያለችውን አልጽፈውም፣ ግማሹ አልገባኝም፣ የገባኝ ግማሽ ደግሞ አይጻፍም። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

"ማን ላከሽ?" አለ ሙዓለሙ።

"ማንም።"

"ሥራው ተፈርሟል።"

"ተፈርሟል። ግን ይታያል።"

"ነገ ስትመጪ ዕቃሽን የምትይዢበት ቦርሳ ይዘሽ ነይ" አለና ዘጋው።

ደንበኞቹ ፀጉራቸው እርጥብ ነው፣ እንዲሁ አይወጡም። ፀጉር ቀለም ሲቀባ የሚጠቀለልበትን ፎይል አወጣንና እኔና የሐረሯ ልጅ ፊደሎቹን ከውስጥ አንድ በአንድ ሸፈንን። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እለጥፋለሁ፣ አታናግረኝም። ስንጨርስ ወጥቼ አየሁት፤ ያብረቀርቃል። ከእኛ ሥራ ይሻል ነበር።

ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ዑድ ገባሁ። የጅማው ሰው ማሽኑ አጠገብ ቆሟል።

"አፍሽን ቆልፊ አላልኩሽም?"

"ቆልፌው ነበር። እግሬ ነው የሄደው።"

ራሱን ነቀነቀ። "ነሲምን ሰላም በይልኝ እንግዲህ።"

ሙዓለሙ ወደ ቀትር መጣ። መዳም ከእሱ አልፋ ባለቤቱ ጋ ደውላ ነበር። ሥራው በሁለት ቀን እንዲስተካከል፣ መጥታ ከነገረቻት ልጅ ሌላ ሰው ወደ ውስጥ እንዳይገባባት፣ አለበለዚያ የመስታወቱን ፎቶ ለሺፋ ሴቶች በሙሉ እንደምትልከው ነግራዋለች። ይህን የነገረኝ የጅማው ሰው ነው። ሙዓለሙ ምንም አልነገረኝም። አዲስ ጥቅል ስቲከር ይዞ መጣ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፣ ቦርሳዬን አየ፣ ወደ ግድግዳው አየ።

"ምኑ ይውጣ?" አልኩት።

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

ሃያ ዓመቱን አልጠቀሰም። እኔም አላስታወስኩትም፣ ይህችን ታህል ጨዋነት አለኝ።

"ከዚህ ምንም አይውጣ። ድፍኑን እኔ ከውስጥ እለጥፈዋለሁ። ፊደሉ ለብቻው በወርቃማ ይቆረጥና አንተ ከውጭ ለጥፈው።"

አሰበው። የሚያርመው ነገር ፈለገና ያገኘው ቀለሙን ነው። "ወርቃማው ደማቁ ይሁን" አለ። ይሁን አልኩ።

ስለ ነቅሉ ትንፍሽ አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከነሲም የተሰጠኝ ሦስት ወር ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

በሁለተኛው ቀን እንደገና መሰላሉ ላይ ነበርኩ። የሐረሯ ልጅ ይዛልኛለች፤ አሁንም ሂጃቧን አላወለቀችም። "ዛሬ መብራት አብርቼ ከውጭ ሳላይ አላወልቅም" አለችኝ፣ ልክ ናት። ድፍኑን ስቲከር ግማሽ ድረስ አሳርፌ ውሃውን እየገፋሁ ነው። በመስታወቱ ማዶ የሙዓለሙ ጥላ ፊደሎቹን ይደረድራል፣ እጁ ከእጄ ጋር አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ያልፋል። ስልኬ ወንበሩ ላይ ጮኸ።

"እዪልኝ" አልኳት።

"የነቅል ጥያቄ መጥቷል ይላል። አዲስ አሠሪ... ተቀበል፣ አትቀበል ይላል። ልጫነው?"

"እንዳትነኪው። ቆይ፣ ማዕዘኑ ይለጠፍ።"

"ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ? ማዕዘኑ ይሻላል ከኢቃማ?"

"አሁን ከለቀቅኩት አየር ይገባበታል።"

"አቦ፣ ይግባበት።"

ማዕዘኑን ጨረስኩ፣ ወረድኩ፣ ስልኩን ተቀበልኳት። ጣቴ ሳሙና ስለሆነ ስልኩ አልታዘዝ አለኝ። አንዴ ጫንኩት፣ ሁለቴ፣ ምንም የለም። ሳቋ አመለጣትና የፀጉር ፎጣዋን ወረወረችልኝ። ጣቴን አድርቄ እንደገና ጫንኩት፣ በዚህኛው ተቀበለኝ። ከውጭ ሙዓለሙ መስታወቱን ቆረቆረ፤ ቀኙ ተነስቷል፣ ወይም ግራው፣ ያላ እያለ ነው። መሰላሉን ይዛልኝ ተመልሼ ወጣሁ።