ጄምስ ማን ነው?

ከኮልፌ ገበያ ስመለስ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱኝ። ያስገቡኝ የቀበሌ እስር ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ከሠላሳ በላይ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ወለሉ አሁንም ጤፍ ጤፍ ይሸታል።

አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ከጎናቸው ጴንጤ በመሆኑ የታሰረ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ሁለቱ ሲከራከሩ ይውላሉ፤ እኛም እነሱን እየሰማን ረሃባችንን እንረሳለን።

አንድ ጠዋት መሪጌታ የሐዋርያትን ስም በእንግሊዝኛ እንዲነግራቸው ጠየቁት።

«ጴጥሮስ ፒተር፣ ዮሐንስ ጆን፣ ያዕቆብ ጄምስ።»

«ያዕቆብ ምን?»

«ጄምስ።»

«ምን በደላቸው? አንድ ፊደል እንኳ አላስተረፉለትም!»

አስተማሪው ሳቀ። «በአንድ ቀን አይደለም፣ መሪጌታ። ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር ሁሉም እንደ አፉ ጠራው። ለእንግሊዞች የደረሳቸው ተለውጦ ነው። የኛም ዮሐንስ እኮ በዕብራይስጡ ዮሐናን ነበር።»

መሪጌታ «እንግዲያው ጻፍልኝ፤ ልማረው» አሉ።

በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ በእርሳስ ቁራጭ መጻፍ ጀመረ። ሳይጨርስ ፍተሻ መጣ። ወረቀቱን ኪሱ ከተተው፤ ካድሬው ግን አገኘው።

«ጄምስ ማን ነው? ይሄ ጆን የሚባለውስ? ከየትኛው ኤምባሲ ናቸው?»

አስተማሪው መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። መሪጌታን ላለመጥራት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ይዘውት ሊወጡ ሲሉ መሪጌታ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ወረቀቱ የኔ ነው፤ ያጻፍኩት እኔ ነኝ። ጄምስ ያዕቆብ ነው፣ ጆን ዮሐንስ። የዘብዴዎስ ልጆች፣ ዓሣ አጥማጆች ናቸው።»

«አድራሻቸውን ታውቃለህ?»

«ካረፉ ቆዩ፣ ልጄ።»

ከኋላ አንዱን ሳቅ አመለጠው። ካድሬው አስተማሪውን ለቅቆ መሪጌታን ይዟቸው ወጣ።

ከሰዓት በኋላ እግራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ። አስተማሪው ሲያያቸው አለቀሰ። አጠገቡ ቀስ ብለው ተቀመጡና «የቱ ጋ ነበር ያቆምነው?» አሉት። እስኪመሽ ድረስ አሥራ ሁለቱንም አስጠናቸው።

እኔ በወሩ ተፈታሁ። እነሱን ሌላ ቦታ አዛወሯቸው አሉ፤ መጨረሻቸውን አልሰማሁም። አሁን የምኖረው ቤቴል ነው። እስር ይናፍቃል ብል ልጆቼ ይቆጡኛል፤ የሁለቱ ክርክር ግን ይናፍቀኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሃይማኖት የሚከራከሩ ብዙ ሰዎች ሰምቻለሁ። እንዲያ ተከራክረው ጎን ለጎን የሚተኙ ግን አላየሁም።